ከጠብታው በኋላ አሥር ደቂቃ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ልጅዎ፣ አማችዎ፣ ትንንሾቹ ሁሉ ደህና ናቸው? ባለቤትዎ እትዬስ? እኔ አለሁ፤ አለሁ ማለት ከተቻለ። ጡረታ ወጥተው ከሄዱ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እኔ አንድ መስመር ሳልልክ እርስዎ ቀድመው በመጻፍዎ አፍሬያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደውዬማ ነበር። ልጅዎ አንስታ «አባባ በስልክ አይሰማም፤ ብትጮሂም ‹እሺ፣ እሺ› ብሎ ይዘጋብሻል» አለችኝ። ስለዚህ ይኸው ወረቀት፣ ይኸው እስክሪብቶ።

በፖስታው ጀርባ ለጻፏት ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። የላብራቶሪው ገንዳ አለ፣ ማንም አልጎዳውም። በእርስዎ ቦታ የመጣው ባለሙያም ደህና ሰው ነው። የኔ ችግር ሌላ ነው። ጋሼ፣ ደረጃው ጠፋ!

ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ሰሞኑን ለግድግዳው ሳይቀር ስለማስረዳ ልማድ ሆኖብኛል። ክሎሮፎርም ውስጥ የሟሟውን ፖሊመር ገንዳው ውሃ ላይ ጠብ ጠብ እናደርጋለን። ክሎሮፎርሙ ተንኖ ይሄድና በውሃውና በአየሩ መካከል ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ብቻ ይቀራል። ከዚያ መግፊያው ሽፋኑን ከዳር ወደ መሀል እየገፋ ሲያጠበው ግፊቱ ይጨምራል፣ የማሽኑ ብዕርም ወረቀት ላይ ታሰምረዋለች። እርስዎ ባወጧቸው ወረቀቶች ሁሉ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ መሀል ላይ ጋደም ይላል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ እንደገና ይወጣል። ደረጃ ያልነው ያቺን ጋደም ያለች ቦታ ነው። መመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ባሳተምነው ጽሑፍ ላይ የፕሮፌሰሯ፣ የኔና የእርስዎ ስም የተደረደረውም በእሷው ምክንያት ነው።

አሁን ሌላ ቦታ ያሉ ተመራማሪዎች «ሞከርነው፤ ደረጃ የሚባል የለም» ብለው ጻፉልን። ሳቅኩባቸውና ራሴ ሞከርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ያው ጠርሙስ፣ ያው ገንዳ፣ ያው ውሃ! ፕሮፌሰሯ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልደገምሽው ጽሑፉን ከመጽሔቱ እናስነሳዋለን፤ መመረቂያሽም አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። አራት ዓመቴን ውሃ ሊበላው ነው።

እኔ ጠዋት ጠዋት ሳስተምር ማሽኑን የሚያስኬዱት እርስዎ ነበሩ። ከሰዓት መጥቼ ወረቀቱን ብቻ ነበር የምወስደው። ምን ያደርጉ ነበር? መዝገብዎን ቃል በቃል እየተከተልኩ ነው፤ ግን የሳትኩት ነገር መኖር አለበት። ግራ ገብቶኛል።

ለእትዬ ልዩ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። የሠሩልኝን ሹራብ ብርዱ ሲገባ አውጥቼ ለብሼዋለሁ። እጅጌው አሁንም ይረዝመኛል፤ ያኔም «ታድጊበታለሽ» ብለውኝ ነበር፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ።

ጠብታዎ


ጥቅምት 15

ለልጄ ለጠብታ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ይነጫነጭብኛል፤ የልጄ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃ ጠፋብኝ ካልሽ እዚህ ሞልቷል፣ ትንሽ ልላክልሽ? አትቆጪ፣ እየቀለድኩ ነው። ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

የላክሽው ሰላምታ ደርሷል።

አሁን እንደ ድሮው ልጨቅጭቅሽ። እጅሽን ቅባት ትቀቢያለሽ? የገንዳውን ጠርዝ በጣትሽ ነክተሽ ከሆነ ያን ቀን አትድከሚ፣ አንድ የጣት አሻራ የውሃውን ገጽ እንዳለ ያበላሸዋል። ግፊቱን ለመለካት በሚዛኑ ላይ የምትንጠለጠለዋን ቁራጭ ወረቀት በመቆንጠጫ ነው የምትይዣት? ውሃው የተጣራው በዕለቱ ነው ወይስ ያደረ ነው? መስኮቱስ? ከታች ካለው ምግብ ቤት የዘይት ሽታ ከገባ ዘይቱም ገብቷል ማለት ነው።

እዚህ የሚጣራ ውሃ የለም። ትናንት ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ የሳሙናው ሽፋን ሲሸበሸብና ሲዘረጋ እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ልጄ መጥታ «አባባ፣ ሳህኑን ልታጥበው ነው ወይስ ልታስመርቀው?» አለችኝ። ሥራ ለምዶ መቀመጥ ከባድ ነው፣ ጠብታ።

ከመዝገቡ ውጪ የማደርገው ነገር እንዳለ ጠይቀሽኛል። መዝገቡ መዝገብ ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን አስታውሳለሁ?

ያቺ ጽሑፋችን እዚህ ሳሎን ተሰቅላለች። አማቼ ነው በመስታወት ያስገባት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሦስተኛዋን ስም በጣቱ እየነካ «ይሄ ያው አባባ ነው» ይላል። እኔ ውሃ አጣሪ ነኝ፣ በዕድሜዬ ሁሉ ስሜ የተጻፈው ደመወዝ መቀበያ ላይ ብቻ ነበር። እንግዲህ ከተነሳች ትነሳለች። ሌላ ምን እላለሁ።

ጋሽ ውሃ፣ እናንተው እንዳላችሁኝ


ኅዳር 1

ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እትዬ ያን ቅባታቸውን አሽተው ቢያስሩልዎት ይሻል ነበር። ይድረሳቸው፣ ሰላም ብያቸዋለሁ። ባለፈው ስለሳቸው አንድ ቃል አልጻፉልኝም፤ ተቀይመውኝ እንዳይሆን? ሲሄዱ ቤታችሁ መጥቼ መሰናበት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ።

ለጭቅጭቅዎ መልስ። ቅባት አልቀባም፣ ሳሙና እንኳ ቀይሬያለሁ። ወረቀቷን በመቆንጠጫ ነው የምይዘው። ውሃው የዕለቱ ነው። መስኮቱን ዘግቼ፣ ጠርዙን በፕላስተር አሽጌ፣ በገዛ ላቤ ልሞት ነው። ገንዳውን ሦስቴ በአልኮል አጥቤዋለሁ። ደረጃ የለም! አዲሱ ባለሙያ በር ላይ ቆሞ ያየኝና አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። ጫማዬ ይሆን ብዬ በካልሲ ሠርቻለሁ፤ ይኼን ለማንም አይንገሩ።

ጠብታው ከተጣለ በኋላ ክሎሮፎርሙ እስኪተን አሥር ደቂቃ ነው የምጠብቀው። መዝገብዎ ላይ በስልሳ ሦስቱም ቀን «መቆያ፣ አሥር ደቂቃ» ይላል፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፍዎ። እኔም ሰዓቴን ይዤ፣ ከገንዳው ሳልነቃነቅ፣ አሥር ደቂቃ። የፕሮፌሰሯ ማስታወቂያ እንደሆነ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፦ «ሥራ ላይ ያለ ገንዳ ትቶ መውጣት ከሥራ ያሰናብታል»። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰውዬ ለአምስት ደቂቃ ሲጋራ ወጥቶ በዚያው ቀረ አይደል የሚባለው?

የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ሌሊት የማይተኛ ሰው ሆኛለሁ አልልም፤ እተኛለሁ፣ ግን ስነቃ ያው ነው። አንዳንዴ እነዚያን መስመሮች እኔው ራሴ በሕልሜ አይቻቸው ይሆን እላለሁ።

ጠብታዎ


ኅዳር 12

ለጠብታ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ማንም አልተቀየመሽም፣ እንዲህ ያለውን ከልብሽ አውጪው።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የምጽፈው። አንድ ሳምንት ሙሉ ብዕር እያነሳሁ እያስቀመጥኩ ነበር። እዚያ ሥራ ከመግባቴ በፊት ፎቶ ቤት ፊልም አጣቢ እንደነበርኩ ነግሬሻለሁ። ፎቶ ቤት ፊልሙ ታጥቦ ሲያልቅ የመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል፤ ውሃው ነጥብ ነጥብ ሳይሠራ ሸርተት ብሎ እንዲወርድ ነው። እኛ ማንሸራተቻ ነበር የምንለው። ገንዳው ሲደርቅ የውሃ ነጥብ ቀርቶበት ሳይ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። እና የድሮው እጄ አላስቀመጠኝም፤ በመጨረሻው ማጠቢያ ላይ ከማንሸራተቻው ጠብ አደርግበት ነበር። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። ማጠቢያ ነው፣ ምን ይጻፋል ብዬ።

ጠርሙሷ ከታችኛው መሳቢያ ከጓንቶቹ ኋላ አለች። እሷ ናት ውሃሽን ስትበጠብጥብሽ የኖረችው። ደረጃው የፖሊመሩ ሳይሆን የእሷ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለፕሮፌሰሯ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። እኔን ምን ያደርጉኛል፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንቺ ግን በኔ እጅ የመጣ ነው ካልሽ ጊዜ ይሰጡሽ ይሆናል።

ሌላ ምንም የለም። ይኸው ነው።

ጋሽሽ


ኅዳር 24

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ መሳቢያው ጋ ሮጥኩ። ጠርሙሷ አለች። አቧራ ለብሳ፣ ክዳኗ ደርቆ ተጣብቆ፣ በጉጠት ነው የከፈትኳት። እንዳሉት አድርጌ ገንዳውን አጠብኩ፣ ሽፋኑን ዘረጋሁ። ጉድ ፈላ! ሽፋኑ ወደ ጥግ ተጠራርጎ ሸሸ። ብዕሯ ወደላይ ትበል ወደታች ትበል ጠፋት። ደረጃ ቀርቶ መስመርም አልነበረም። ገንዳውን ከዚያ ጉድ ለማጽዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ፕሮፌሰሯ ሽታውን አሽትተው በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ፣ ክዳኑ እንደዚያ የደረቀ ጠርሙስ ባለፈው ዓመት ሙሉ አልተከፈተም። እርስዎ ይኼን አያጡትም። ለምንድን ነው ያላጠፉትን ጥፋት የሚናዘዙልኝ?

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ስልሳ ሦስቱን ወረቀት በቀን ተራ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸውና በመሀላቸው ተመላለስኩ። ያምና ኅዳር ላይ ደረጃዋ ከትንሿ ጥፍሬ አትበልጥም። ጥር ላይ ሰፋ አለች። ሐምሌ ላይ የአውራ ጣቴን ታህላለች። ጽሑፋችን ላይ «ፖሊመሩ ጠርሙስ ውስጥ እያረጀ ሲሄድ ደረጃው ይሰፋል» ብለናል፤ ያኔ ሌላ ምክንያት ስላላገኘን ነው። ታዲያ ያው የፖሊመር ጠርሙስ አሁን ከሐምሌም በላይ አርጅቷል። ደረጃዋ የት ሄደች? ራሴ ዞረ እኮ!

ፕሮፌሰሯ የማንሻውን ደብዳቤ አርቅቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኛል። የሚጎድለው ፊርማዬ ነው። የሚያውቁት ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ። ምንም ይሁን አልቆጣም። እርስዎ አልነግርሽም ካሉኝ ለእትዬ ነው የምጽፈው፤ እሳቸው አንድ ነገር አይደብቁኝም።

ጠብታ


ታኅሣሥ 3

ልጄ ጠብታ፣

ለእትዬ አትጻፊ። እትዬ የለችም። ነሐሴ ላይ አርፋለች።

አሁን ቁጭ በይና አንብቢ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ያምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከላብራቶሪው መንገድ ማዶ ያለው ሆስፒታል አስተኟት። ሆዷ ውስጥ ነው በሽታው። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። «እንዲህ ሆኜ ሰው አያየኝ፤ ተሽሎኝ ስወጣ ያዩኛል» አለች። አንቺን በተለይ። ሹራቡን ስትሠራልሽ የነበረችውን ሴትዮ እንድታስቢ ነው የፈለገችው። እኔም እሺ አልኩ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሾርባ ያመጡላታል። ከነርሷ እጅ አትቀበልም፣ ከልጇም እጅ አትቀበልም፣ ከኔ እጅ ብቻ ነው። እኔ ካልሄድኩ ሳህኑ እንደመጣ ይመለሳል። ፈቃድ ልጠይቅ አልኩና ማስታወቂያው ትዝ አለኝ፤ ያ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ የቀረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ጡረታዬ አሥር ወር ቀርቶት ነበር። ደግሞስ ፈቃድ ስጠይቅ ለምን ሲሉኝ ምን ልል ነው?

እና እንዲህ አደረግሁ። ሽፋኑን እዘረጋለሁ፣ የገንዳውን ክዳን እዘጋለሁ፣ በሩ ላይ «ገንዳው እንዳይናወጥ አትግቡ» የሚለውን ሰሌዳ እሰቅልና በኋላ በር እወጣለሁ። ሄዶ መምጣቱ ስድስት ደቂቃ ነው። ቀሪው ሾርባው ነው። ተመልሼ መግፊያውን አስነሳለሁ፣ መዝገቡ ላይ «አሥር ደቂቃ» እላለሁ። ክሎሮፎርሙ አንዴ ከተነነ ሽፋኑ አሥር ደቂቃ ተኛ ሃምሳ ደቂቃ ተኛ ምን ለውጥ አለው ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ምሁር አይደለሁም፣ ጠብታ። ብዕሯ የምትጀምረው እኔ ስጫናት ስለሆነ የቆየሁት ወረቀቱ ላይ አይታይም።

መጀመሪያ ላይ ቶሎ ትበላ ነበር። እያደር አንድ ማንኪያ ለመዋጥ የሚፈጅባት ጊዜ ረዘመ። ሐምሌ ላይ ሦስት ማንኪያ ለመቀበል ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም ነበር። ደረጃዋ ከኅዳር እስከ ሐምሌ እየሰፋች ሄደች ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ወንበሩን ያዝኩ። እኔ ይኼን ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር፤ ከገንዳው ሳልነቃነቅ አሥር ደቂቃ ብለሽ ስትጽፊልኝ ነው የጠረጠርኩት። ያንን ላለመናገር ነው የማንሸራተቻውን ወሬ የፈጠርኩት። አንቺን ሦስት ቀን ገንዳ አሳጠብኩሽ። አፈር ልብላ፣ ይቅር በይኝ።

ስለሰላምታው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ ቤት ስሟ ሲነሳ ልጄ ታለቅሳለች፣ አማቼ ወሬ ይቀይራል። አንቺ ብቻ ነሽ «እትዬስ እንዴት ናቸው» የምትዪው። ደብዳቤሽ ላይ ደህና ነበረች። ያንን መቁረጥ አቃተኝ።

መዝገቡን ዋሽቻለሁ፤ ራሴን ግን መዋሸት አልቻልኩም። እውነተኛውን ደቂቃ ደረት ኪሴ በማኖራት ትንሽ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ጋሽሽ


ታኅሣሥ 11

ጋሼ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ቅባት ይሹልዎት፣ እጅጌው ይረዝመኛል፣ ምናምን እያልኩ ስጽፍ! እንኳን ጻፍሽ ብለውኛል፤ እኔ ግን ያፈርኩት ገና አልለቀቀኝም። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው። አዲሱ ባለሙያ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ።

እንደዚያ ሆኜ መሥራት ነውር ይሆን ብዬ አንድ ቀን ቆየሁ። በማግሥቱ ገባሁ። ደብተርዎን ከፍቼ ጥር 20ን መረጥኩ፤ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ይላል። ሽፋኑን ዘርግቼ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩና መግፊያውን አስነሳሁ። ጋሼ፣ መጣች! ጋደም አለች፣ ሄደች፣ ወጣች። የእርስዎን የጥር 20 ወረቀት በላይዋ ደርቤ መስኮቱ ላይ በብርሃን አየኋት። አንድ ናቸው። ሃምሳ ደቂቃ ሞከርኩ፣ ሰፋች። አሥር ደቂቃ፣ የለችም። ፖሊመሩ ያረጀው ጠርሙስ ውስጥ አይደለም። ውሃው ላይ ሰፍቶ ዝም ብሎ ሲተዉት ነው ቀስ እያለ እርስ በርሱ የሚያያዘው፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ጊዜ አንሰጠውም። ደረጃው እውነት ነው። የተሳሳተው ምክንያቱ ነው።

ደስ ሊለኝ ሲል እትዬ የሠሩልኝን ሹራብ አየዋለሁ፤ ሊከፋኝ ሲል ወረቀቷን አያታለሁ። ምን እንደሚሰማኝ እኔም አላወቅኩት።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። ለፕሮፌሰሯ እስካሁን የነገርኳቸው መቆያው ነው ምክንያቱ ብዬ ብቻ ነው። ለመጽሔቱ የምንልከው እርማት ላይ «መዝገቡ ትክክል አልነበረም» ካልኩ የእርስዎ ስም ከጽሑፉ ይነሳል፣ ያቺ ሳሎን የተሰቀለችው ጽሑፍ ላይ ሁሉ ሰው ያወራል። እኔ ያሰብኩት ደቂቃውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩት ስህተት ነበር ልል ነው። ለተማሪ ይቅር ይሉታል። ቶሎ ይመልሱልኝ፤ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ማስገባት አለብኝ።

ጠብታዎ


ታኅሣሥ 18

ለጠብታ፣

እንዲህ አድርገሽ እንዳትሞክሪ! ሞቼ ልገኝ! አንድ ውሸት ገንዳውን ለአንድ ዓመት በጠበጠው፤ አሁን አንቺ ሁለተኛ ጠብ ልታደርጊበት ነው? ጥፋቴን አትቀሚኝ። የኔ ነው፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። የመቆያ ጊዜውን ማሽኑን ያስኬድ የነበረው ባለሙያ በስህተት ሳይሆን አውቆ አሳስቶ መዝግቧል ብለሽ ጻፊ። «አውቆ» የምትለዋን ቃል እንዳትዘያት።

ለምን ካሉሽ ንገሪያቸው። አሁን አትደብቂላት፤ ማን እንዳያያት ትደበቃለች? ፕሮፌሰሯም ይስሙ። ያን ማስታወቂያ ይንቀሉት አልልም፣ ማስታወቂያው ትክክል ነው። ሰው ግን ከገንዳው ሲነሳ ወዴት እንደሚሄድ አንዳንዴ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ጽሑፏን ከግድግዳው ራሴ አወረድኳት። አማቼ ሲያኮርፍ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት፤ ለልጄም። ልጄ አለቀሰች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለእናቷ ስናወራ ዋልን። ሾርባ አልቀምስም ብላ በእኔ ላይ አፏን እንዴት እንደምትዘጋ ሳሳያቸው ሁላችንም ሳቅን።

እንባሽን ጠርገሽ ወደ መመረቂያ ፈተናሽ ግቢ። ፈታኞች ፊት አፍንጫ መናፈጥ አያምርም።

ጋሽሽ


ጥር 9

ጋሼ፣

እንኳን ደስ ያለዎት! አለፍኩ። እርማቱንም መጽሔቱ ተቀብሎታል፤ እንዳሉኝ «አውቆ» የምትለው ቃል ሳትዘለል። ስምዎ ግን ከጽሑፉ አልተነሳም። ፕሮፌሰሯ ናቸው እምቢ ያሉት። «ደብተሩን ባይዝ ኖሮ ምንም ባላወቅን ነበር» አሉና ወጡ። በማግሥቱ ማስታወቂያው እዚያው አለ፣ ከሥሩ በእጃቸው አንድ መስመር ጨምረውበታል፦ «ቸገረኝ ያለ ቢሮዬን ያንኳኳ»። እሳቸው ይኼን ጻፉ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንደኛው ፈታኝ፣ ራሰ በራው፣ የመቆያ ጊዜዎቹን በጣቱ እየተከተለ «እነዚህን ቁጥሮች በምን መረጣችኋቸው? ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሰባት፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ አራት፤ ምን ዓይነት አሠራር ነው?» አለኝ። አንድ በሽተኛ ሾርባዋን ለመጨረስ የፈጀባት ጊዜ ነው አልኩት። የቀረውንም ነገርኩት። አፍንጫዬን አልተናፈጥኩም። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገ።

ከዚያ ሠንጠረዡን እንደገና ሲያይ የመጨረሻዋን መስመር አገኛት። ደብተርዎ ላይ ሐምሌ መጨረሻ ሃምሳ ስምንት ይላል። ነሐሴ 12፣ የመጨረሻው ቀን፣ ስምንት ይላል። ወረቀቱም ላይ ደረጃ የለም። «ይቺ የአጻጻፍ ስህተት ትሆናለች፤ ሃምሳዋ ተዘላ ይሆናል፤ እናውጣት?» አለኝ። የመዘገበውን ሰው ጠይቄ እመልሳለሁ አልኩት።

እኔ የገመትኩት አለኝ፤ ግን ግምት መመረቂያ ላይ አይጻፍም። መልስ ለመስጠት ከከበደዎት ይተዉት፤ መስመሯን አወጣታለሁ፣ ማንም አይጠይቅም።

ጠብታዎ


ጥር 17

ለልጄ ለጠብታ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ቤቱ ሁሉ እልል ብሎልሻል።

ስምንቷ ስህተት አይደለችም። ያን ቀን እንደወትሮው ሽፋኑን ዘርግቼ ሄድኩ። ስገባ አልጋው ተነጥፏል። ነርሷ ልትነግረኝ ወደኔ ስትመጣ በእጄ ተይው አልኳት። ስድስቱ ደቂቃ መንገዱ ነው። ሁለቱ እዚያ የቆምኩበት ነው።

ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። ገንዳው ላይ ሽፋን ተዘርግቷል የሚለው ብቻ ነው በራሴ ውስጥ የነበረው። ተመልሼ መግፊያውን አስነሳሁት። ብዕሯ እስክትጨርስ ቆሜ አየኋት፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ቀደድኩ፣ ቀኑን ጻፍኩበት፣ ገንዳውን አጥቤ አደረቅኩ። ለልጄ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መስመሯን አታውጫት። ስምንት ብለሽ ጻፊ።

ጋሽሽ